አርባ ሦስት በር ያንኳኩት እትዬ ፎጣ

ክቡራን የሐዘናችን ተካፋዮች፣ ሥራችሁን ጥላችሁ፣ ከቅርብም ከሩቅም መጥታችሁ በዚህ አፈር ዳር አብራችሁን ስለቆማችሁ ቤተሰቡ ሁሉ በእኔ አንደበት ምስጋናውን ያቀርባል። ይህን ጽሑፍ የማነብብላችሁ የሟቿ ታናሽ ወንድም ነኝ። ልጆቼ ድምፄ እንዳይሰበር ፈርተው እኛ እናንብብልህ ብለውኝ ነበር፤ ነገር ግን በውስጡ ከእኔ በቀር ሌላ ሰው ሊናገረው የማይገባ ነገር ስላለ እምቢ ብዬ ወረቀቱን ራሴ ይዤ ቀርቤአለሁ። መሐል ላይ ዝም ካልኩ ታገሡኝ።

እኅቴ፣ ሁላችሁም እትዬ ፎጣ እያላችሁ የምትጠሯቸው፣ ከከብት አርቢ አባታቸውና ከእናታቸው የቤቱ የመጀመሪያ ልጅ ሆነው የዛሬ ሰባ አንድ ዓመት ተወለዱ። የተወለዱባት ክፍል የኋላ ግድግዳዋ ከበረቱ ጋር አንድ ስለነበረ፣ እናታችን በሕይወት ሳሉ ሲቀልዱ፣ ይህች ልጅ ከእኔ ድምፅ በፊት የሰማችው ላም ስታመሰኳ ነው ይሉ ነበር። ዕድሜያቸው ለትምህርት ሲደርስ በሰፈሩ ትምህርት ቤት ገብተው እስከ ስምንተኛ ክፍል ሲማሩ ከክፍላቸው ከሁለተኛ ወርደው እንደማያውቁ ያኔ አብረዋቸው የተማሩ፣ ዛሬም እዚህ የቆሙ ሽማግሌዎች ይመሰክራሉ።

በዐሥራ አምስት ዓመታቸው ግን አባታችንን ኮርማ ከግድግዳ ጋር አጣብቆ ዳሌያቸውን ሰበራቸው። አባታችን ከዚያ ቀን ጀምሮ ቀጥ ብለው መቆም አልቻሉም፤ በበረቱ ውስጥ ደግሞ አራት የሚታለቡ ላሞች ነበሩ፤ እኔ ያኔ የስምንት ዓመት ልጅ ነበርኩ። እኅቴ ማንም ሳይጠይቃቸው ደብተሮቻቸውን ሰብስበው፣ ያልተጻፈባቸውን ገጾች ቀድደው በክር ከሰፉ በኋላ በእኔ ቦርሳ ውስጥ ከተው፣ «አንተ የእኔንም ጨምረህ ተማር፤ ላም ለማለብ እንደሆነ ዘጠነኛ ክፍል አያስፈልግም» አሉኝ። እኔም ተማርኩ፤ መምህር ሆኜ ሠላሳ ስድስት ዓመት አገለገልኩ። ያን ሁሉ ዓመት የተቀመጥኩበት ወንበር የማን እንደነበረ ዐውቅ ነበር ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ሰው የተሰጠውን ቶሎ የራሱ ያደርገዋል።

ፎጣ የሚለው ስም የወጣላቸው ከዚያ በኋላ ነው። ከሌሎች አላቢዎች የሚለዩት ላሟን ከመንካታቸው በፊት ግቷን ለብ ባለ ውሃ አጥበው፣ ትከሻቸው ላይ በማይለየው ነጭ ፎጣ አድርቀው፣ የመጀመሪያዎቹን ሁለት ሦስት ጠብታዎች በጥቁር ጽዋ አልበው፣ የጓጎለ ወይም ደም የቀላቀለ እንዳልሆነ አይተው ያልቡ ስለነበር ነው። ጎረቤቶቻቸው፣ ላሟን ልትድሯት ነው ወይ እያሉ ይስቁባቸው ነበር። እርሳቸውም አብረው ይስቁና ፎጣውን ጨምቀው ያሰጡ ነበር። የላሞቹ መኖ፣ ፋጉሎውና ፉርሽካው፣ ሲዘገይ፣ ድርቆሹ ሲሻግት፣ ጊደሯ አልጸንስ ስትል የሚቆጡት ከብቶቹን ሳይሆን ራሳቸውን ነበር።

ከባለቤታቸው ጋር የተገናኙበትን ሁኔታ ባልናገር ባለቤታቸው ከመቃብር ሆነው ይታዘቡኛል። እርሳቸው ሥጋ ሻጭ ነበሩ፤ ገና ወጣት ሳሉ፣ ልኳንዳቸውን እንደከፈቱ፣ ከአባታችን ወይፈን ሊገዙ መጡ። አባታችን በጊዜው እንደሌላው ከብት ሻጭ ሁሉ ወይፈኑን በዋዜማው ጨው አልሰው፣ ጠዋት ውሃ አጠጥተው፣ ሆዱ እንደ ከበሮ ተወጥሮ እንዲታይ አድርገው ነበር። ሥጋ ሻጩ ዞር ዞር ብለው አይተው ሊስማሙ ሲሉ፣ እኅቴ ከበረቱ ውስጥ እበት እየዛቁ፣ ቀና ሳይሉ፣ «የሚገዙት ውሃውን ነው ወይፈኑን?» አሏቸው። አባታችን በክራንቻቸው መሬቱን መቱት። ሥጋ ሻጩ በዚያ ቀን ወይፈኑን በቀነሰ ዋጋ ወሰዱ፤ በሳምንቱ ግን ተመልሰው መጡ፤ በሁለተኛው ሳምንትም መጡ፤ በሦስተኛው ሳምንት አባታችን፣ «ይኼ ሰው ከብቱን ሁሉ ሊያርድብኝ ነው ወይስ ሌላ ጉዳይ አለው?» ብለው እናታችንን ጠየቁ። ሌላ ጉዳይ ነበራቸው። እኅቴ በሃያ ሁለት ዓመታቸው ተዳሩ።

በትዳራቸው እርሳቸው የወተቱን፣ ባለቤታቸው የሥጋውን ይዘው በአንድ ግቢ ውስጥ ኖሩ። በግራ በኩል የሚታለቡት፣ በቀኝ በኩል የሚደልቡት ይታሰሩ ነበር። እኅቴ ለግራዎቹ ሁሉ ስም ያወጡ ነበር፤ ለቀኞቹ ግን አንድም ቀን ስም አውጥተው አያውቁም። እኔ ምክንያቱን ስጠይቃቸው፣ «ስም ካወጣሁለት በኋላ እንዴት አድርጌ ለባሌ አስረክበዋለሁ?» አሉኝ። ሆኖም ስም የሌላቸውን ሰንጋዎች ከእነዚያ አሳንሰው አብልተው አያውቁም፤ የሚወጡበት ቀን ሲደርስም እስከ በሩ ድረስ ገመዱን ይዘው የሚሸኟቸው እርሳቸው ነበሩ።

በትዳር በሁለተኛው ዓመት ሴት ልጅ ወለዱ። ይህችን ልጅ ከእናንተ መካከል የሚያስታውሳት ጥቂት ሰው ነው። በእግሯ መሄድ ከጀመረችበት ጊዜ አንሥቶ ከበረቱ የማትጠፋ፣ እናቷ ሲያልቡ የራሷን ትንሽ ኩባያ ይዛ ከጎናቸው የምትቆም፣ ከግቱ የወረደውን ወተት በአረፋው እየጠጣች ከንፈሯ ላይ ነጭ ጢም አብቅላ እንደ ሽማግሌ ቆጣ ብላ የምታስቀን ልጅ ነበረች። ወንድሟም ከአራት ዓመት በኋላ ተወለደ፤ እርሱ ግን ወተት አይወድም ነበር፤ እናቱ ስለዚህ ሲማረሩ እንሰማ ነበር። ልጅቷ ስድስት ዓመት ሲሞላት ከመንጋጋዋ ሥር እብጠት ታየባት። ብርድ ነው ተባለ፤ በዘይት ታሸ። ከዚያ ሁለተኛ እብጠት ወጣ፤ ፈረጠ፤ ልጅቷ መክሳት ጀመረች። ሐኪም ቤት ሲገቡ የእጢ ነቀርሳ፣ ቲቢ የሚሉት፣ መሆኑ ታወቀ፤ ነገር ግን ዘግይቶ ነበር። ስምንት ወር ታመመች። እኅቴ ጠዋት አልበው፣ ሐኪም ቤት ውለው፣ ማታ አልበው፣ ልጄን ያጠነክርልኛል ያሉትን ትኩስ ወተት በየቀኑ ይዘውላት ይሄዱ ነበር። ልጅቷ ሰባት ዓመት በሞላት በሁለተኛው ወር ዐረፈች። ከየት እንደመጣባት ያን ጊዜ የጠየቀም፣ የነገረንም ሰው አልነበረም። እኅቴ ኩባያዋን የት እንዳደረጉት እስካሁን አናውቅም፤ ስሟንም ከዚያ ወዲህ በፊታችን አንሥተው አያውቁም። እኛም ሆድ ይፍጀው ብለን ተውነው።

ከዚህ በኋላ ዐሥራ አምስት ዓመት አለፈ። በረቱ ሰፍቶ ዐሥራ አንድ ላሞች የሚያድሩበት፣ ወለሉ ሲሚንቶ፣ ውሃው በቧንቧ የሚገባለት ሆነ፤ አርባ ሦስት ቤቶች በየቀኑ ወተታቸውን ከእትዬ ፎጣ ይወስዱ ነበር። አንድ ወጣት የእንስሳት ሐኪም ወደ ሰፈራችን ተመድቦ ሲመጣ፣ ከአርቢዎቹ ሁሉ ከብቶቼን መርምርልኝ ብለው በራሳቸው ፈቃድ የጠሩት እርሳቸው ብቻ ነበሩ። ሐኪሙ በእያንዳንዷ ላም አንገት ላይ በቆዳዋ ሥር የምርመራ መድኃኒት ወጋ፤ በሦስተኛውም ቀን መጥቶ የተወጋውን ቦታ በመለኪያ ለካ። በአምስቱ ላይ ቆዳው አብጦ ተገኘ። ከአምስቱ አንዷ ሻሽ የምትባለው፣ ግንባሯ ነጭ የሆነው፣ በእጃቸው አዋልደው ያሳደጓት ላም ነበረች። ሐኪሙ ይህ የከብት ነቀርሳ እንደሚባል፣ ላሟ ወፍራና ብዙ እየታለበች ሳለ ለዓመታት ልትይዘው እንደምትችል፣ ባልፈላ ወተት ወደ ሰው፣ ይልቁንም ወደ ልጆች እንደሚተላለፍ አስረዳቸው።

እኅቴ የጠየቁት አንድ ጥያቄ ብቻ ነበር። «የእጢ ነቀርሳም ከዚህ ይመጣል?»

ሐኪሙ ስለ ልጅቷ የሚያውቀው ነገር አልነበረምና፣ «አዎ እናቴ፣ በልጆች ላይ ብዙ ጊዜ እንደዚያ ሆኖ ነው የሚታየው» አላቸው።

ሐኪሙ ኋላ እንደነገረኝ፣ እኅቴ አልጮኹም፣ አልተቀመጡም። ቧንቧውን ከፍተው የጀመሩትን ወለል አጥበው ጨረሱ። ከዚያም ምን ማድረግ እንዳለባቸው ጠየቁት። እርሱም፣ ሕጉ ያስወግዱ ብሎ እንደማያስገድዳቸው፣ ቢያስወግዱም ካሣ የሚከፍል እንደሌለ፣ ምርጫው የራሳቸው መሆኑን ነገራቸው።

ከእኔ በቀር ማንም ሊናገረው አይገባም ያልኩት ነገር እዚህ ላይ ነው። በዚያ ቀን ከሥራ ስመለስ ነገሩን ከሐኪሙ ሰምቼ በቀጥታ ወደ በረቱ ሄድኩ። እኅቴ ገንዳውን በቡርሽ እየፈተጉ ነበር። «እትዬ፣ ይህን ነገር የምናውቀው እኛና ሐኪሙ ብቻ ነን። ራቅ ወዳለ ገበያ ወስዳችሁ ሽጧቸው፤ ማን ያውቃል?» አልኳቸው። የተማርኩት እኔ ነበርኩ፤ ያልኩትም ይህን ነበር።

ቡርሹን ሳያቆሙ፣ «የሚገዛቸው ሰው ልጅ የለውም?» አሉኝ።

«ታዲያ የአንቺስ ልጅ ምን ሊበላ ነው?» አልኩ።

«አንዷ የጠጣችውን ጠጥታ ሄደች» አሉ።

በዐሥራ አምስት ዓመት ውስጥ ስለ ልጃቸው ሲናገሩ ያን ቀን ለመጀመሪያ ጊዜ ሰማሁ። ኮፍያዬን አንሥቼ ከበረቱ ወጣሁ።

ሥጋቸው በደንብ ከበሰለ ምን ችግር አለው፣ ቢያንስ በልኳንዳው ይሸጥ ያሉም ነበሩ። ባለቤታቸው ብዙ የማይናገሩ ሰው ነበሩ፤ ለእነዚህም የመለሱላቸው፣ «ሚስቴ ወተታቸውን ካልሸጠች እኔ ሥጋቸውን አልሸጥም» የሚል ብቻ ነው። ልኳንዳቸውን ዘግተው፣ ከግቢው ጀርባ ባለው ባዶ መሬት ላይ በአካፋና በዶማ ለአራት ቀናት ጉድጓድ ቆፈሩ። በአምስተኛው ቀን ሐኪሙ ባለበት አምስቱ ላሞች ተወገዱ፤ ኖራ ተነሰነሰባቸው፤ ተቀበሩ። አራቱን ሌሎች ሰዎች ጎተቷቸው፤ ሻሽን ግን እኅቴ ራሳቸው ከፊት ከፊት እየሄዱ መሯት፤ ገመድ አላሰሩባትም፤ እርሷም እንደ ሁልጊዜው ተከተለቻቸው። ዕድሜ ልካቸውን ከብት ሲያርዱ የኖሩት ባለቤታቸው በዚያ ቀን ፊታቸውን ወደ አጥሩ አዙረው ሲያለቅሱ አይቻቸዋለሁ።

በማግስቱ እኅቴ ንጹሕ ልብሳቸውን ለብሰው፣ ወተት የሚወስዱትን አርባ ሦስት ቤቶች በሁለት ቀን ውስጥ አንድ በአንድ እየዞሩ አንኳኩ። በየበሩ የሚናገሩት አንድ ዓይነት ነበር፤ ላሞቼ ታመው ተገኝተዋል፣ በሽታው በወተት ይተላለፋል፣ እኔም ሳላውቅ ሸጬላችኋለሁ፣ ልጆቻችሁን አስመርምሩ፣ ከእንግዲህም ከማንም ብትገዙ ሳታፈሉ አትጠጡ፣ የሚል ነበር። አንዳንዱ አመስግኖ ሸኛቸው። አንዳንዱ በሩን ገርበብ አድርጎ ሰማቸው። አንድ ጡረተኛ፣ «ሰማንያ ዓመት ጠጥቼዋለሁ፤ ሞት መንገዱ ጠፍቶበት ነው እንጂ እስካሁን መቼ ይቀር ነበር» ብለው ሊያስቋቸው ሞከሩ። አንዱ ግን ደጁ ላይ ተፋባቸው።

ከሁሉ የከበደው የልብስ ሰፊዋ ደጅ ነበር። ልብስ ሰፊዋ የዘጠኝ ዓመት ሴት ልጅ ነበረቻት፤ አንገቷ ሥር ያለውን እብጠት የቶንሲል መስሏት ለሳምንታት ጨው ስታስጉመጠምጣት ከርማለች። ነገሩን ስትሰማ መቀሱን እንደያዘች ቆማ ቀረች። «እኔ እኮ ያንቺ ነው ብዬ ነው ሳላፈላ ያጠጣኋት» ብላ በሩን ዘጋች። በማግስቱ ሐኪም ቤት ወሰደቻት፤ ያው በሽታ ተገኘባት፤ በጊዜ ስለተደረሰበት ልጅቷ ለወራት መድኃኒት ወስዳ ዳነች። እናትየው ግን ከዚያ በኋላ ለአራት ዓመታት እኅቴን ስታይ መንገድ ትቀይር ነበር። እኅቴም አንድም ቀን አላማረሩባትም፤ «እኔም ብሆን ይቅር አልልም ነበር» ይሉ ነበር።

የቀሩት ስድስቱ ላሞች በተደጋጋሚ ተመርምረው ነጻ መሆናቸው እስኪረጋገጥ ወተታቸው አልተሸጠም። ሰፈሩ ውስጥ ያሉ ሌሎች ወተት ሻጮች የእትዬ ፎጣ በረት መርዝ ነው እያሉ ያወሩ ነበር፤ የእነርሱ ላሞች ግን አልተመረመሩም። የልኳንዳውም ገበያ ቀዘቀዘ። እኅቴ በዚህ ጊዜ፣ እኔ በማስተምርበት ትምህርት ቤት፣ በጽዳት ሠራተኝነት ተቀጠሩ። ለአንድ ዓመት ከአራት ወር የክፍሌን ወለል ወልውለዋል፤ ጥቁር ሰሌዳዬን አጥፍተዋል። አንድ ጠዋት አንድ ተማሪ፣ «ጋሼ፣ ዘመድዎ ናቸው እንዴ?» ብሎ ሲጠይቀኝ፣ አዎን፣ እኅቴ ናቸው ለማለት አፌ ዘገየ። እርሳቸው ባልዲያቸውን ይዘው በሩ አጠገብ ነበሩ፤ ሰምተዋል። በዚያ ቀን ከሰዓት በኋላ እንደተለመደው ምሳዬን መብላቴን ጠየቁኝ።

ከዚያ በኋላ በረታቸውን እንደገና ከፈቱ። የምርመራውን ወረቀት በየዓመቱ በግቢው በር ላይ፣ ማንም እንዲያነብበው፣ በላስቲክ ሸፍነው ይለጥፉ ነበር፤ ከእርሳቸው የሚገዛውንም ሰው ሁሉ አፍልቶ እንዲጠጣ ሳይነግሩ አይሸኙም ነበር። በመጀመሪያው ወር የመጡት ሦስት ሰዎች ነበሩ፤ አንዱ እኚያ ጡረተኛ ነበሩ። ቀስ በቀስ ግን፣ እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል እንደሚባለው፣ ሰዉ የሌሎቹንም በሮች እያየ የናንተ ወረቀት የት አለ ብሎ መጠየቅ ጀመረ። ዛሬ በዚህ ሰፈር ያልተመረመረ ላም ወተት የሚሸጥ የለም። እኅቴ ደጇን ካንኳኩ በአራት ዓመቱ፣ አንድ ጠዋት ልብስ ሰፊዋ በግቢው በር ገብታ፣ ሰላምታም ሳትሰጥ፣ እቃዋን ዘርግታ፣ «አንድ ሊትር» አለች። እኅቴ ቀዱላት። ጠብታ አፍስሰው የማያውቁት ሴት ያን ቀን መሬቱን ወተት አደረጉት። በማግስቱም መጣች።

ባለቤታቸው የዛሬ ስምንት ዓመት ካረፉ በኋላ፣ መካኒክ የነበረው ልጃቸው ሥራውን ትቶ ከባለቤቱ ጋር ወደ ግቢው ተመልሶ በረቱን ያዘ። እኅቴ ባለፉት ሁለት ዓመታት በልብ ድካም ታመው እግራቸው ያብጥ፣ ትንፋሻቸውም ያጥር ጀመር። መሄድ ሲያቅታቸው ልጃቸው አልጋቸውን በረቱን በምታየው መስኮት አጠገብ አደረገላቸው፤ ከዚያም ሆነው፣ ሦስተኛዋ ዛሬ አልበላችም፣ ጊደሯ እግሯን እያሳከካት ነው፣ እያሉ በድምፅ ብቻ ያዝዙ ነበር።

ከአንድ ወር በፊት ሊጠይቃቸው የመጣው ሰው ሁሉ ሄዶ ሁለታችን ብቻ ስንቀር፣ ሃያ አምስት ዓመት በሆዳቸው የያዙትን አወጡት። «በእጄ ነው ያጠጣኋት» አሉኝ። «ታማ እንኳ ሐኪም ቤት ድረስ ይዤላት ሄጄ አጠጣኋት።» እኔም፣ «አላወቅሽም ነበር» አልኳቸው። «አዎ፣ አላወቅሁም። አለማወቄ ለእርሷ ምን ጠቀማት?» አሉኝ። እጃቸውን ይዤ ተቀመጥኩ። በበረቱ ሽጧቸው ስላልኩት፣ በክፍሌም እኅቴ ናቸው ለማለት ስለዘገየሁት ይቅርታ መጠየቅ እንደነበረብኝ ረሳሁት ብል ውሸት ነው። ነገ እላለሁ እያልኩ ወሩ አለቀ። ስለዚህ ዛሬ፣ እርሳቸው በማይሰሙበት፣ እናንተ በምትሰሙበት፣ እኅቴን፣ «ይቅር በይኝ» እላቸዋለሁ።

ከትናንት በስቲያ ጠዋት፣ ልጃቸው ከበረት ሲመለስ፣ «ታለቡ?» ብለው ጠየቁት። «ታልበዋል እማዬ» አላቸው። ትንሽ ቆይተው፣ «እስቲ ትራሱን ቀና አድርግልኝ» አሉት። ቀና አደረገላቸው፤ ወደ መስኮቱ ዞሩ፤ በዚያው ዐረፉ። በኑዛዜያቸው መሠረት የተቆፈረላቸው ይህ መቃብር፣ እንደምታዩት፣ አጠገቡ ካለችው ከዚህች ትንሽ መቃብር ጎን ነው።

እትዬ ፎጣ አንድ ወንድ ልጅና ባለቤቱን፣ ሁለት የልጅ ልጆችን፣ ይህን የማይረባ ወንድማቸውን፣ እንዲሁም ዘጠኝ ላሞችና ሁለት ጊደሮች ያሉበትን ንጹሕ በረት ትተው አልፈዋል። ከሁላችንም ኋላ፣ ከእናቷ ከልብስ ሰፊዋ ጎን፣ ልጇን አቅፋ የቆመችውንም ሴት ከቤተሰቡ ጋር እንድቆጥራት ልጃቸው ነግሮኛልና ቆጥሬአታለሁ።

ሰው ሳያውቅ የሠራውንና ዐውቆ የካሰውን ለይቶ የሚያይ አምላክ፣ እኅታችን በራሳቸው ላይ የያዙትን በእርሳቸው ላይ አይያዝባቸው፤ አርባ ሦስት ደጅ ያንኳኩትን ሴት የእርሱን ደጅ ሳያንኳኩ ያስገባቸው፤ ልጃቸውንም ጤነኛ ሆና ያሳያቸው። ነፍሳቸውን በዕረፍቱ ስፍራ ያኑርልን። አሜን።